ቀርፋፋው አንደኛ ስለወጣበት ውድድር፣ ለኮምፒውተር ምዘና ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ምዘናና መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ለአንዲት ቀን እንኳ እንዳይታመምብዎ፣ ጉልበትዎም ወደ እኛ ምድር ቤት ደረጃ በመውረድ ሳይደክም ዘመንዎን ሁሉ እንዲያገለግልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከመቀመጥ በስተቀር ሁሉንም እችላለሁ። ይህችን ደብዳቤ ጀምሬ እዚህ እስክደርስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ፣ ኮሚቴዎ የመረጠልንን ኮምፒውተሮች ጀርባ በመዳፌ ዳብሻለሁ፤ ትኩሳታቸው ጨምሮ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጨምሯል።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። በዚህ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በድምፅ መጻሕፍት ክፍል አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ሲፈልጉ በር ተሳስተው ገብተው፣ ይቅርታ ብለው የወጡበት ክፍል የእኛው ነው። ያን ዕለት ሥራችንን ለመጠየቅ ጊዜ ስላልነበረዎት አሁን ላስረዳ። ዓይናቸው ለማያይ አንባቢዎች የታተመውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስካነር እናነሳለን፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን እየለየ ጽሑፍ ያደርገዋል፣ ከዚያም ጽሑፉን በድምፅ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ቤታቸው ወስደው ያዳምጡታል።

ከነዚህ አንባቢዎች አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ካስተማረ በኋላ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የዓይኑን ብርሃን አጣ። ወደ ክፍሉ ለመመለስ የመምህራንን የብቃት ፈተና እንደ አዲስ ማለፍ አለበት ተብሏል። ፈተናው ከዛሬ አሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው። ከሚፈተንባቸው ሦስት መጻሕፍት ሁለቱን አዳምጦ ጨርሷል። ሦስተኛው በክፍላችን ተራ ከሚጠብቁት መጻሕፍት መካከል ሠላሳ ስምንተኛው ነው። እባክዎ ይህችን ሠላሳ ስምንት የምትባል ቁጥር ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ያኑሩልኝ፣ ቁጥር መሰብሰብ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ስድስት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ስለሰጡን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ጥቁረታቸው ያምራል፣ ፊታቸው ላይ ሰማያዊ መብራት አለ፣ ሲከፈቱ የሚያሰሙት ዜማም ለጆሮ ደስ ይላል። በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚጠፉና እንደገና ስለሚከፈቱ ዜማውን በቃላችን ይዘነዋል። የቀረውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለክቡርነትዎ አነባበብ እንዲመች በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ምዘናው ስለተካሄደበት ክፍል። ያን ዕለት አልረሳውም፣ የሶኬት ማከፋፈያውን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ የወጣሁት እኔ ነበርኩና። የስብሰባ አዳራሹ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ኮምፒውተሮች ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ ለማነጻጸሪያ ተብሎ ደግሞ ከእኛ ክፍል አሮጌው ኮምፒውተር ቁጥር አራት ተጠራ። ጠረጴዛው ጠበበ ተባለና ቁጥር አራትን ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ደፍ ላይ አስቀመጣችሁት። እኔም በትሕትና እጄን አውጥቼ፣ የሚወዳደሩ ነገሮች አንድ ዓይነት ቦታ፣ አንድ ዓይነት አየርና አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጣቸው፣ ከተቻለም ውድድሩ ኮምፒውተሮቹ ኋላ በሚሠሩበት ክፍል በእኛው ምድር ቤት ይሁን ብዬ ለመንኩ። ክቡርነትዎ በፈገግታ፣ ኮምፒውተር እንደ ሰው አይበርደው አይሞቀው ሲሉ መለሱልኝ፤ አዳራሹም ሳቀ፣ እኔም ለጨዋነት ያህል ሳቅኩ።

ይሞቀዋል፣ ክቡር ሆይ። ሲሞቀው ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስበት ይጠፋል። የእኛ ክፍል መስኮት የለውም፣ የሕንፃው የሙቅ ውሃ ቧንቧ በራሳችን ላይ ያልፋል። በአዳራሽዎ ውስጥ አንዷን ገጽ በሰባ አምስት ሰከንድ የጨረሰው ሐ፣ እኛ ዘንድ ከወረደ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አንዷ ገጽ መቶ ሃምሳ ሰከንድ ትፈጅበታለች። በቀን ሁለት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ድርግም ይላል፤ ያን ጊዜ ያ ዜማ ይመጣል።

፪ኛ፦ ስለ ቅጹ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ። ኮሚቴው የተጠቀመበት ቅጽ ሠራተኛ ሲቀጠር የምንሞላው የእጩዎች መመዘኛ መሆኑን አንድ ጊዜ ያየው ሁሉ ያውቃል። «የእጩው ሙሉ ስም» በሚለው ቦታ «ሐ» ተብሎ ተጽፏል። «የትምህርት ደረጃ» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዟል። «ሥነ ምግባርና አቀራረብ» የሚለው ግን ሳይሰረዝ ስለቀረ ሦስቱም እንግዶች «ጥሩ» ተብለዋል። ቁጥር አራት «መካከለኛ» ተብሏል፤ ምን አጥፍቶ እንደሆነ ቢነገረኝ እመክረው ነበር።

ይህ ቅጽ ለሰው ሲሆን አንዳች ነውር የለበትም። የጽሑፍ ፈተና ነጥብ፣ የቃል ፈተና ነጥብ፣ የልምድ ነጥብ፣ ሁሉም ይደመርና ብዙ ያገኘ ያልፋል። እኔም ራሴ በእሱ ነው የተቀጠርኩት። ኮሚቴዎ በዚያው በለመደው እጁ አራት ሳጥኖች ሞላ። በመጀመሪያው ሳጥን የመመዘኛ ፕሮግራሙ የሰጠውን ነጥብ አስገባ፤ ይህ እውነትም ብዙ ሲሆን ጥሩ ነው። በሁለተኛው ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ የፈጀበትን ሰከንድ፣ በሦስተኛው አንድ ትልቅ ፋይል ለመገልበጥ የፈጀበትን ሰከንድ፣ በአራተኛው ሃያ ገጽ ወደ ድምፅ ለመለወጥ የፈጀበትን ሰከንድ አስገባ። ከዚያም አራቱን ሳጥኖች አንድ ላይ ደመራችሁና ብዙ ያመጣውን አንደኛ አላችሁት!

ወይ ጉድ! ኮምፒውተር ሀ ሃያውን ገጽ በስድስት ደቂቃ ስለጨረሰ ሦስት መቶ ስድሳ ብቻ አገኘ። ኮምፒውተር ሐ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለተንፏቀቀ አንድ ሺህ አምስት መቶ ተቆጠረለት። ሀ ቶሎ ስለተከፈተ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐ አዛግቶ ተንጠራርቶ ስለተነሳ ሰባ አንድ። በመጨረሻ ሐ በሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አምስት አንደኛ ወጣ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለው አሮጌው ቁጥር አራት በአንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሁለተኛ ሆነ፣ ኮምፒውተር ለ ሦስተኛ ወጣ፣ ከሁሉም ፈጣኑ ሀ በአንድ ሺህ ስድሳ ሰባት የመጨረሻ ተብሎ ወደመጣበት ካርቶን ተመለሰ። ሐ እንደምንም ብሎ ሥራውን መጨረሱ ነው የጎዳው። ባይጨርስ ኖሮ እስከ ዛሬ ነጥብ ሲሰበስብ ይኖር ነበር።

ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ቀን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ቤት ስገባ ለወንድም ጋሼ አነበብኩለት። ቁጥሮቹን ድገሚልኝ አለ፤ ደገምኩለት። የእያንዳንዱን መለኪያ ጥሪልኝ አለ፤ ነጥብ፣ ሰከንድ፣ ሰከንድ፣ ሰከንድ ብዬ ጠራሁለት። ያን ጊዜ ሳቀ። እንደዚያ ከልቡ ሲስቅ ከሰማሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል፣ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቢያደርግ ሰሌዳ ፊት አቁሜ ክፍሉን ሁሉ አስቀው ነበር አለ። ቀጥሎ ለመሆኑ የትኛው ተገዛ ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቁን ዋጠው። ዓይነ ስውሩ ኮሚቴው ያላየውን አየ እያልኩ ደብዳቤዬን እንዳላሳምርበት አጥብቆ አስጠንቅቆኛል። ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፣ አንዱ መለኪያ ሲበዛ የሚሻል ሌላው ሲያንስ የሚሻል መሆኑን ማሰብ ይበቃል ነው የሚለው።

፫ኛ፦ ስለተሰጠኝ መልስ። በማግስቱ ለኮሚቴው አቤቱታ አስገባሁ። እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ጫማዬ አለቀ። መልሱ ግን ሲመጣ በማኅተም አምሮ መጣ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ድምሩ በሦስት የኮሚቴ አባላት በተናጠል ተሰልቶ በሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ቅሬታው ተቀባይነት የለውም።» አመሰግናለሁ። በድምሩ ላይ እኔም አራተኛ ምስክር ሆኜ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ፤ እንዲያ አድርጎ የተደመረ ድምር በዕድሜዬ አላየሁም።

፬ኛ፦ ስለ እኔ ጥፋት። ስድስቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲወሰዱ ቁጥር አራት ብቻ ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ሥር ቀረ፤ የንብረት መለያ ተለጣፊ አልቆ ነበር። ተለጣፊውን በጊዜ ላላዘዘው ክፍል ውለታ አለብኝ። በነዚያ ሁለት ቀናት ቁጥር አራትንና አንዱን አዲስ ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ክፍሉ አንድ፣ ሶኬቱ አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ፣ የሚያነቡት ምዕራፍም አንድ ነበር። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት እየሠሩ እንዲሞቁ ተውኳቸው፣ ሥራ ቀዝቃዛ ሆኖ አይውልምና። ከዚያ አምስት አምስት ጊዜ ለካሁ። ያማረውን መርጬ መጥፎውን አልደበቅኩም፤ አምስቱንም ጽፌ መካከለኛውን ወሰድኩ። ቁጥር አራት አምስቱንም ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ በገጽ፣ ከአንዲት ሰከንድ በላይ ሳይወላገድ ሠራ። አዲሱ አንዴ መቶ አርባ ስምንት፣ አንዴ መቶ ሃምሳ፣ አንዴ መቶ ሃምሳ አንድ፣ አንዴ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ፤ በአምስተኛው «ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ከአክብሮት ጋር ወደ ቢሮዎ ላክሁ። በምላሹ «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ምዘና በማካሄድ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በኋላ ስንብት እንደሆነ መመሪያው ይናገራል፣ ይህ ደብዳቤም ሁለተኛውን እንደሚያመጣ ይገባኛል። አንጀቴ ስላረረ ነው የጻፍኩት፤ ካረረ በኋላ ደግሞ መለስ ብሎ መቀዝቀዝ ለእኔም አልሆነልኝም።

፭ኛ፦ ሰዓቱን የያዘው የሻጩ ሠራተኛ ራሱ መሆኑን አላነሳም፣ ሰውየው ሐ አንደኛ መባሉን ሲሰማ ከሁላችንም በላይ የደነገጠው እሱ ነበርና።

አሁን ሠላሳ ስምንትን ከኪስዎ ያውጡልኝ። ከነዚህ መጻሕፍት አንዱ በአማካይ አራት መቶ ሰማንያ ገጽ አለው፣ እኛ ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት እንሠራለን። አሮጌዎቹ ስድስት ኮምፒውተሮች በቀን አሥራ ሁለት መጽሐፍ ያወጡ ነበር። አዲሶቹ ስድስት፣ ሲሞቁ፣ ሲጠፉና ሲዘምሩ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሁለት ያወጣሉ። ሠላሳ ስምንተኛው መጽሐፍ በአሮጌዎቹ በአራተኛው ቀን ይደርስ ነበር፤ በአዲሶቹ የሚደርሰው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ፈተናው በአሥራ ስድስተኛው ነው። ሦስት ቀን ናት የምትጎድለው፤ ወንድሜ የሚቀጥለውን ፈተና ለመጠበቅ ግን አንድ ዓመት ያስፈልገዋል። ያን ዓመት ምን ሆኖ እንደሚጠብቅ እኔ አውቃለሁ። ያለፉትን ሦስቱን ያሳለፈው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የጫማቸውን ኮቴ እየቆጠረ ነው።

ተራውን ለምን አታዘዋውሪለትም ይሉኝ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ብጀምር ማንም ሳያውቅ አስቀድመዋለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ትናንት እጄ መጽሐፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያቆመኝ እሱ ራሱ ነው። ከፊቱ ያሉት ሠላሳ ሰባት መጻሕፍት የሠላሳ ሰባት ሰው መሆናቸውን፣ አንዷ የሕግ ተማሪ እናቷ በየጠዋቱ እንደምትደውልልን፣ አንዱ የስልክ ኦፕሬተር ለዕድገት ፈተና እንደሚቀመጥ እኔው ራሴ እራት ላይ አጫውቼው ነበር። አፌን በቆረጠው! እሷን ገፍተሽ ለእኔ ካመጣሽው አላዳምጠውም አለኝ። ግትር ነው፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር፤ ተናደድኩበት፣ ደግሞ ኮራሁበት።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፍቀዱልኝ። የመጀመሪያው፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር አስወጋጅ ኮሚቴ የሚጠብቁትን አሮጌዎቹን ስድስት ኮምፒውተሮች ለአራት ቀን ብቻ ይመልሱልን። ሲጨርሱ አቧራቸውን ጠርጌ፣ ተለጣፊያቸውን ለጥፌ፣ በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ እመልሳቸዋለሁ። ይህ የኮሚቴውን ክብር የሚነካ ከሆነ ሁለተኛው ይሁንልን፦ አዲሶቹን ወደ ስብሰባ አዳራሹ እናውጣቸው። አዳራሹ ከእርስዎ ስብሰባ ቀን በቀር ባዶውን ይቀዘቅዛል። እዚያ አንዷን ገጽ በሰባ አምስት ሰከንድ እንደሚሠሩ ኮሚቴዎ ራሱ መስክሯል፤ በዚያ ስሌት ሠላሳ ስምንተኛው መጽሐፍ በስምንተኛው ቀን ያልቃል። ለወንድም ጋሼ የሚያዳምጥበት ስምንት ቀን ይተርፈዋል ማለት ነው። እሱ ስድስት ይበቃኛል ብሏል።

የማቀዝቀዣዎ ነፋስ ሳይቋረጥ፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ ድምርዎም በሦስት ሰው እየተረጋገጠ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ባለው ደረጃ ቁጥር ልክ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ያላት፣ ሁለተኛውን የምትጠብቅ
የድምፅ መጻሕፍት ክፍል ቴክኒሻን

ማስታወሻ፦ ሁለቱም ልመናዎቼ የማይቻሉ ከሆነ አንዲት ትንሽ ውለታ ይዋሉልኝ፤ ያንን ቅጽዎን ለመምህራን ፈተና ቦርድ ያውሱልኝ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው፣ ማለትም አሥር ሺህ ስምንት መቶ ሰከንድ። በእርስዎ አቆጣጠር ወንድሜ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ከመቶ አሥር ሺህ ስምንት መቶ አምጥቶ ከተፈታኞች ሁሉ አንደኛ ይወጣል። ይህን ስነግረው እንኳ አልሳቀም። ሦስተኛውን መጽሐፍ አዳምጦ፣ እንደማንኛውም ሰው ከመቶ ሰባ አምጥቶ ማለፍ ነው የሚፈልገው። ይህን ጽፌ ስጨርስ የመጽሐፉ ተራ ከሠላሳ ስምንት ወደ ሠላሳ ሰባት ወርዷል፤ ይቅርታዎን፣ ዜማው ተሰማኝ፣ ልነሳ።